ለምትጎትቱ ሰዎች፦ የዲፈረንሻል ዘይት አያያዝ ከጣና ዳር እስከ አባይ በረሃ

ባህር ዳር ፒክአፕ ያለው ሰው መኪናውን ለራሱ ብቻ አይነዳም፣ ዛሬ ሚክሰር ወደ ሳይት ጎትትልን ይባላል፣ ነገ ጀነሬተር፣ አዝመራ ሲደርስ የበቆሎ መፈልፈያ ወደ መርዓዊ፣ አንዳንዴ ደሞ ጀልባ በተሳቢ ጭኖ ሐይቁን ዞሮ እስከ ጎርጎራ። የሞተር ዘይት ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው፣ መቼ እንደቀየረ ጠይቁት ቀኑን ሳይቀር ይነግራችኋል። የዲፈረንሻሉንስ (ከኋላ ጎማዎቹ መሀል ያለው የጥርስ ቤት) ስትሉት ግን ወይ ዝም ነው ወይ "እሱ ደሞ ይቀየራል እንዴ?" ነው መልሱ። ይቀየራል! በተለይ ለሚጎትት መኪና። እኔ አጥብቄ የምለው ነገር ይሄ ነው፣ የሚጎትት መኪና የዲፈረንሻል ዘይት ዕድሜው በኪሎ ሜትር ብቻ አይቆጠርም፣ በሠራው ሥራ ነው የሚቆጠረው፣ ስንት ዳገት በጭነት ወጣ፣ ስንቴ ውሃ ውስጥ ገባ፣ እሱን ነው ማየት ያለባችሁ። እኛ አካባቢ ደሞ ዳገቱም ውሃውም አለ።

መጀመሪያ ውስጡ ምን እንደሚሆን እንይ፣ ይሄን ካወቃችሁ ሌላው ሁሉ በራሱ ይገባችኋል። ከሞተሩ የሚመጣውን ኃይል ፒኞኑ፣ ማለትም ትንሹ ባለጥርስ፣ ተቀብሎ ኮሮናውን፣ ትልቁን ክብ ባለጥርስ፣ ያዞራል፣ ኮሮናው ደሞ ኃይሉን አቅጣጫ አስቀይሮ ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማ ይልካል። በአብዛኛው ፒክአፕና ላንድክሩዘር ላይ ፒኞኑ የሚገባው በኮሮናው መሀል ለመሀል ሳይሆን ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፣ በዚህ ምክንያት ጥርሶቹ መንከባለል ብቻ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ያንን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት መሀላቸው ያለው የዘይት ሽፋን በጣም ስስ ነው፣ እሱ ከተበጠሰ ብረቱ እርስ በርሱ ይበላላል። እና ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ አብዛኛው መኪና ላይ ፓምፕ የለም፣ ፊልትሮ የለም፣ ራዲያተር የለም። ከ2 እስከ 3 ሊትር ተኩል የምትሆን ዘይት ናት፣ ኮሮናው እየተሽከረከረ ወደ ላይ እየረጨ ሁሉን የሚያጠጣው። የተፋቀው ብረት የትም አይሄድም፣ እናንተ እስክታፈሱት ድረስ እዛው ከዘይቱ ጋር ይዞራል።

ጉተታ ሲጨመር የሚመጣው ሙቀት ነው። የባለሙያ መለኪያ አለ፣ ዘይት ከሚገባው በላይ በየ10 ዲግሪው ሲሞቅ የመበላሸት ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። አሁን አስቡት፣ ከአዲስ አበባ ዕቃ ጭናችሁ ተሳቢ እየጎተታችሁ አባይ በረሃን ወርዳችሁ ከድልድዩ ወደ ደጀን ስትወጡ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ እረፍት ዳገት ነው፣ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይጨምራል፣ ፍጥነታችሁ ትንሽ ስለሆነ ዲፈረንሻሉን የሚያበርደው ንፋስም ትንሽ ነው። ቁልቁለቱም እረፍት እንዳይመስላችሁ፣ በማርሽ ይዛችሁ ስትወርዱ ጭነቱ በጥርሱ በሌላኛው ገጽ ይዞራል እንጂ አይጠፋም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውም መንገድ እንደዛው ነው።

ሙቀቱን ለማወቅ የሌዘር ቴርሞሜትር ያለው ይጠቀም፣ የሌለው ደሞ ቀላል ዘዴ አለው። ዳገቱን ጨርሳችሁ ስትቆሙ ጣታችሁን ውሃ ነክራችሁ አንድ ጠብታ ዲፈረንሻሉ ቤት ላይ ጣል አድርጉ፣ ብረቱን በእጅ አትንኩ ያቃጥላል። እኛ ባለንበት ከፍታ ውሃ የሚፈላው ከ92 እስከ 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጠብታዋ ጭስ ብላ ወዲያው ከጠፋች ብረቱ ከዛ በላይ ሞቋል ማለት ነው። ከአባይ ዳገት በኋላ እንደዛ ቢሆን ጥሩ ዘይት ይችለዋል፣ ትንሽ አሳርፋችሁት ትሄዳላችሁ። ግን ከባህር ዳር መርዓዊ በሜዳው ቀላል ነገር ጎትታችሁ ሄዳችሁ ጠብታዋ ጭስ ካለች እዛ ውስጥ ችግር አለ፣ ወይ ዘይቱ ጎድሏል፣ ወይ ኩሽኔታው ተበላሽቷል ወይ በጣም ጠብቋል፣ በቃ ሳይውል ሳያድር አስፈትሹት።

በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር ለሚለው የመኪናችሁ መጽሐፍ ካለ የሚቀድመው እሱ ነው፣ ግን መጽሐፉ ላይ ለከባድ ሥራ የሚል ለብቻው የተጻፈ ሰንጠረዥ አለ፣ እናንተ የምትመለከቱት እሱን ነው። ለምሳሌ ቶዮታ አሜሪካ ለሚሸጣቸው ፒክአፖች ተሳቢ የሚጎትቱ ከሆነ በየ24,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ ይላል። በኔ አስተያየት በየሳምንቱ ለሚጎትት ሰው 20,000 ጥሩ ነው፣ አንዳንዴ ብቻ ለሚጎትት 30,000 ድረስ ቢሄድ አይከፋም። ውሃ ከገባበት ግን ኪሎ ሜትር የሚባል ነገር የለም፣ ትናንት ተቀይሮ ቢሆንም ዛሬ ይፈሳል። ኮሮናና ፒኞን አዲስ ያስገባችሁ ደሞ የመጀመሪያዎቹን 800 ኪሎ ሜትር ምንም ሳትጎትቱ ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ከዛ ዘይቱን ቀይሩት፣ ምክንያቱም አዲስ ጥርስ እስኪላመድ ብዙ ብረት ይጥላል። ብዙ ሰው ይሄን ዘሎ ወዲያው ተሳቢ ያስራል፣ ያን ያህል ብር የወጣበትን ዕቃ ገና ሳይላመድ ያቃጥለዋል፣ በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ዘይት መግዛት። ጀሪካኑ ላይ ኤፒአይ ጂኤል-5 የሚል ፈልጉ፣ ጂኤል-4 ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጂኤል-5 ውስጥ ያለው የሰልፈርና ፎስፈረስ ቅመም ነው ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ያን ጭነት የሚችለው፣ ያ የሚከረፋው ሽታ ከሱ ነው የሚመጣው። በተቃራኒው ካምቢዮው ጂኤል-4 የሚል ከሆነ ከዲፈረንሻሉ የተረፋችሁን ጂኤል-5 እዛ አትጨምሩበት፣ የካምቢዮ ውስጥ የነሐስ ቀለበቶችን ሊጎዳቸው ይችላል። ውፍረቱን በተመለከተ መጽሐፉ 80ደብሊው-90 ካለ ለመደበኛ ሥራ እሱ ነው። ደብሊው ያለበት ቁጥር የቅዝቃዜው ነው፣ ባህር ዳር ደሞ በረዶ የለም፣ ስለዚህ እኛን የሚያሳስበን ከኋላ ያለው ቁጥር ነው። ሁሌ ከባድ የሚጎትትና በረሃ የሚወጣ ሰው፣ መጽሐፉ ከፈቀደለት፣ 85ደብሊው-140 ወይ አቅም ካለው ሲንተቲክ 75ደብሊው-140 ቢያደርግ ሽፋኑ በሙቀት ቶሎ አይሳሳም፣ ነዳጅ ላይ ትንሽ ልዩነት ቢኖረውም ለሚጎትት ሰው ያዋጣል። ሞቢልም ይሁን ሼልም ይሁን ቶታል፣ ስሙ ያን ያህል አያጨቃጭቀኝም፣ ክዳኑ ያልተከፈተ መሆኑ ነው ዋናው። ከበርሚል እየተቀዳ በሃይላንድ የሚሸጠውን ተዉት፣ ምን እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

እዚህ ላይ ኤልኤስዲ፣ ማለትም አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚይዙ ዲስኮች፣ ያለው ዲፈረንሻል ከሆነ ዘይቱም ለኤልኤስዲ የሚል መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ውስጥ ያሉት ዲስኮች ጠባብ ቦታ ስትዞሩ ይንቀጠቀጣሉ። አላችሁ የላችሁ ለማወቅ የፊት ጎማዎችን በድንጋይ ከግራና ቀኝ አስደግፉ፣ ሁለቱንም የኋላ ጎማ አንሱና በጠንካራ ማቆሚያ ላይ አስቀምጡ፣ ማርሽ አውጡ፣ የእጅ ፍሬን ልቀቁ፣ ከዛ አንዱን ጎማ በእጅ አዙሩ። ሌላኛው ወደ ተቃራኒው ከዞረ ተራ ዲፈረንሻል ነው፣ አብሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞረ ኤልኤስዲ ነው። ክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ከስር እንዳትገቡ አደራ።

ወደ ሥራው እንግባ። መኪናውን አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ንዱት፣ ዘይቱ ለብ ሲል ቆሻሻውን ይዞ በደንብ ይወርዳል፣ ግን ከረጅም ጉዞ እንደገባችሁ አትክፈቱት እጃችሁን ያቃጥላል። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ሜዳ ስል በደንብ ሜዳ የሆነ ቦታ፣ ዘንበል ካለ ልኩ ይዋሻችኋል። ተሳቢውን ፍቱት። ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ከፍ ያሉ ስለሆኑ ሳይነሱም ከስር ይገባል። ከመፍታታችሁ በፊት የመሙያውን ቡሎን ዙሪያ በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ ጨርቅ አጽዱ፣ ያለበለዚያ የደረቀው ጭቃ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ከዛ መጀመሪያ የምትፈቱት የላይኛውን የመሙያውን ቡሎን ነው፣ የታችኛውን የማፍሰሻውን አይደለም! ይሄን ሺ ጊዜ ብናገር አይሰለቸኝም፣ የታችኛውን ፈታችሁ ዘይቱን ካፈሰሳችሁ በኋላ የላይኛው ዝጎ እምቢ ቢላችሁ ባዶ ዲፈረንሻል ይዛችሁ ነው የምትቀሩት፣ መኪናው ወደ ጋራዥ እንኳን አይነዳም። የላይኛው ከተፈታ በኋላ ከስር የተቆረጠ ጀሪካን አስቀምጡና የማፍሰሻውን ፍቱ፣ እስኪንጠባጠብ ድረስ ጠብቁት፣ አትቸኩሉ።

አሁን የማፍሰሻውን ቡሎን እዩት፣ ከዚህ ሁሉ ሥራ እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው። ብዙዎቹ ጫፋቸው ላይ ማግኔት አላቸው፣ ማግኔቱ ላይ ግራጫ ቅባት የመሰለ ነገር ተጠቅልሎ ታገኛላችሁ። ከሱ ትንሽ ወስዳችሁ በሁለት ጣታችሁ መሀል እሹት። እንደ ቅባት ልስልስ ካለና ምንም ካልቆረቆረ ጤነኛ ነው፣ የወትሮ መበላት ነው፣ ጠርጋችሁ መልሱት። አሸዋ ነገር ከሆነ ኩሽኔታ ወይ ጥርስ መበላት ጀምሯል ማለት ነው፣ አዲሱን ዘይት ጨምራችሁ ከአንድ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ደግማችሁ እዩት። በዓይን የሚታይ፣ በጥፍር የሚያዝ ስባሪ ካገኛችሁ ግን ዘይት መቀየር አያድነውም፣ ዲፈረንሻሉ ይከፈት። ወርቃማ ብልጭታ ዘይቱ ውስጥ ካለ ደሞ ከነሐስ ሮንዴላዎች ወይ ከኤልኤስዲ ዲስኮች የመጣ ሊሆን ይችላል። የዘይቱም መልክ ይናገራል፣ ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው ጭነቱ በዝቶበታል ወይ ቆይቷል፣ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

መሙላቱ ከባድ አይደለም። የማፍሰሻውን ቡሎን በአዲስ ሮንዴላ መልሱ፣ አሮጌው ሮንዴላ ተጨፍልቆ ስለሚቀር ደግሞ አይዝም። ሁለት ሜትር ቧንቧ ጨምራችሁ አታጥብቁት፣ ለፒክአፕ 50 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል፣ ማለትም በተራ ቁልፍ ጠበቅ ማድረግ ነው። የእጅ ፓምፕ ያለው በፓምፕ ይሙላ፣ የሌለው ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ዘቅዝቆ አፉ ላይ ቀጭን ቱቦ በፋሼታ ይሰር፣ ሃይላንዱን ከጎማው ከፍ አድርጎ ያንጠልጥለውና ቱቦውን መሙያው ውስጥ ይክተት፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ልኩ መሙያው አፍ ድረስ ነው፣ ትንሿን ጣታችሁን አስገብታችሁ ወደ ታች ስታጥፏት ዘይቱን ከአፉ ጠርዝ ወይ ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ካገኘችው ልክ ነው። ይበልጥ ይሻላል ብላችሁ መኪናውን አዘንብላችሁ አትጨምሩ፣ ሲበዛ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደሞ ጥርስ አያለሰልስም፣ ግፊቱም ኦይል ሲሉን፣ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚዘጋውን ቀለበት፣ ይገፋዋል። ኦይል ሲል ሲያፈስ ነገሩ የዘይት ብቻ አይደለም፣ በአክስሉ በኩል ወጥቶ የፍሬን ሸራውን ያጠጣዋል፣ ተሳቢ እየጎተታችሁ ቁልቁለት ላይ ከኋላ ፍሬን አጣችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ከኋላ ጎማ ውስጠኛ ገጽ ላይ የዘይት ወዝ ካያችሁ ሳትጎትቱ አሠሩት።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ፣ ጣና ዳር የምንሠራ ሰዎች ከሌላው የምንለየው በዚህ ነው። ዲፈረንሻል ቤት ላይ፣ አክስሉ አናት አካባቢ፣ ትንሽ መተንፈሻ አለች። ዘይቱና አየሩ ሲሞቅ ይሰፋል፣ በሷ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ በሷ መልሶ ይገባል። አሁን ጀልባ የሚያወርድ ሰው ምን እንደሚያደርግ እዩ። ተሳቢውን ከከተማው ጎትቶ ይመጣል፣ ዲፈረንሻሉ ግሏል። ዳሩ ላይ እንደደረሰ አንድ ልጅ ከኋላ ቆሞ "ና ና ና፣ ትንሽ ግራ፣ ና" እያለው ወደ ኋላ ይገባል፣ ጀልባው እንዲንሳፈፍ ትንሽ ጨምር ይሉታል፣ የመኪናው የኋላ ጎማ ግማሹ ይሰምጣል፣ አክስሉ ውሃ ውስጥ ገባ። የጋለው ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ውስጡ ያለው አየር በአንዴ ይኮማተራል፣ መተንፈሻው ከውሃ በታች ከሆነ ውሃ ይስባል፣ መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ደሞ በኦይል ሲሉ በኩል ይስባል። ሰውየው ምንም ሳያይ ጀልባውን አውርዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ውሃው ግን ውስጥ ቀረ። በነጋታው በዛው ዘይት ዳገት ይጎትታል፣ ውሃ የገባበት ዘይት ሽፋኑ ይበጠሳል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ከዛ "ዲፈረንሻሉ ይጮሃል" ብሎ ወደ ጋራዥ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ዳሩ ላይ ስትደርሱ ቢያንስ ሩብ ሰዓት አቁሙት፣ የጀልባውን ገመድ መፍታት ምናምን እስኪያልቅ ይበርዳል። መኪናው ራሱ ውሃ እንዳይነካ ተሳቢውን በረጅም ጠንካራ ገመድ ወይ በተረዘመ መጎተቻ ብረት አውርዱ፣ ተሳቢው ይግባ፣ የመኪናው አክስል ደረቅ ላይ ይቅር። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል፣ መተንፈሻውን ከፍ ማድረግ። የመተንፈሻውን ክዳን ፍቱና በምትኩ የቱቦ መያዣ አስገቡ፣ ዘይት የሚችል የነዳጅ ቱቦ በፋሼታ እሰሩበት፣ ቱቦውን በሻንሲው አድርጋችሁ ከኋላ መብራት ጀርባ ወይ ካሶኒው ስር ከፍ ያለ ቦታ ድረስ ውሰዱት፣ አክስሉ ከፍ ዝቅ ሲል እንዳይበጠስ ላላ ያለ ትርፍ ተዉለት፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የነዳጅ ፊልትሮ ሰክታችሁ ወደ ታች አዙሩት። በቃ። ይሄ ሥራ ለፎገራ ሰዎችም ነው፣ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ውሃ ነው፣ ከውሃው የከፋው ደሞ ያ ዋልካ ጭቃ ነው፣ መተንፈሻው ላይ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ይደፍነዋል። ቱቦ ያላስገባችሁ ላቫጆ ባስገባችሁት ቁጥር መተንፈሻውን በእጃችሁ አንቀሳቅሱት፣ ክዳኗ ካልተነቃነቀች ተደፍናለች። ላቫጆ ቤቱም የግፊት ውሃውን ቀጥታ መተንፈሻው ላይ እንዳይረጭ ንገሩት። አክስሉ ውሃ ከገባ በኋላ መኪናውን አንድ ሌሊት አቁማችሁ ጠዋት ሳይነሳ የማፍሰሻውን ቡሎን ቀስ አድርጋችሁ አላሉት፣ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው፣ ጠብታ ውሃ ካያችሁ ሁሉንም አፍስሱ። የጀልባ ተሳቢው ጎማ ኩሽኔታም ቅባቱ በውሃ ስለሚበላሽ አብራችሁ እዩት።

ሁለት ነገር ልጨምርና ላብቃ። አንደኛው ጎማ ነው፣ ከኋላ አንዱ አዲስ አንዱ የተበላ ወይ ቁጥሩ የተለያየ ጎማ አድርጋችሁ አትጎትቱ። የጎማዎቹ ዙሪያ ስለማይተካከል ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳን ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጥርሶች ያለ ማቋረጥ ይዞራሉ፣ ኤልኤስዲ ከሆነ ደሞ ዲስኮቹ ሲፋጩ ይውላሉ፣ ዘይቱ በከንቱ ይቃጠላል። ሲኖትራክ የያዛችሁ ደሞ ብዙዎቹ ላይ ጎማው መሀል ለብቻው ጥርስ ስላለ የዲፈረንሻሉን ብቻ ቀይራችሁ እንዳትሄዱ፣ የጎማው መሀል ዘይት ለብቻው ይፈሳል ለብቻው ይሞላል።

ሌላው የፈሰሰው ዘይት ነው። ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ ባህር ዳር ውስጥ የተደፋ ነገር ዞሮ ዞሮ ጣና ወይ አባይ ነው የሚገባው፣ ውሃውን የምንጠጣው ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን። በጀሪካን ክዳኑን ዘግታችሁ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡት። ከዛ የቀየራችሁበትን ቀን፣ ኪሎ ሜትሩንና የዘይቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የሾፌር በር ውስጠኛ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ለጥፉ፣ መጀመሪያ የሚያጋጥማችሁን ጉተታ ሠርታችሁ ስትመለሱ ሁለቱን ቡሎኖች በደረቅ ጨርቅ ጠርጉና ወዝ ካለ ትንሽ አጥብቁ።